ከላሊበላ እስከ አክሱም፤ በእግር፣ በመኪናና በአይሮፕላን

በክርስቲያን ቤተ ሰባችን ዘንድ ላሊበላና አክሱም ተለያይተው የሚጠሩ ስሞች አይደሉም። አንዱ የተነሣ እንደሆነ ሌላውም ተከትሎ ይነሣል፤ አንዱን የተሳለመ ሁሉ ሌላውን ሳይሳለም እንዳይሞት ይመኛል። ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዐይነት መልስ ይገኛል። አያት በቀን ይቈጥራሉ፤ አባት በኪሎ ሜትር ይናገራል፤ ልጅ ደግሞ በደቂቃ ይመልሳል። ከሦስቱ የተሳሳተ የለም። አያት የተናገሩት እግራቸው ያወቀውን ነው፤ አባት የመኪናውን መንገድ፣ ልጅም የአይሮፕላኑን ሰሌዳ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን መስፈሪያዎች ጐን ለጐን አስቀምጠን፣ እያንዳንዱ ለመንገደኛው ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚያስከፍለው ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

አስቀድመን ከአየሩ መንገድ እንጀምር፤ ይኸውም ከሁሉ ቀጥ ያለው እርሱ ስለሆነ ነው። የላሊበላ የአይሮፕላን ጣቢያ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዝቅተኛ ስፍራ ላይ የተሠራ ነው። ከተማው በተራራ ወገብ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ አይሮፕላኑ የሚያርፍበት ሜዳ ከዚህ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም የሚጠራው የአክሱም ጣቢያ ግን ለከተማው በጣም የቀረበ ነው፤ በስተ ምሥራቅ በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ከፍታውም 2,100 ሜትር ያህል ነው። በእነዚህ ሁለት ትናንሽ ጣቢያዎች መካከል በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መሥመር ቢሰመር፣ ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መሥመሩም ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ የሚሄድ ነው።

በዛሬው ጊዜ በአገር ውስጥ ከሚበሩት አንዱ ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተርና ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን ነው። ይህ አይሮፕላን ከፍታውን ይዞ በሙሉ ፍጥነት በሚጓዝበት ጊዜ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስለዚህ ሒሳብ የሚያውቅ ተማሪ 240ን ለ10 አካፍሎ መንገዱ 24 ደቂቃ ይበቃዋል ሊል ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ በነበረ ጊዜ ግን በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ከ40 ደቂቃ በላይ ነበር። ይህ ልዩነት ከየት መጣ ቢሉ፣ በአጭር መንገድ ላይ አይሮፕላን የጊዜውን ብዙውን ክፍል የሚያጠፋው በመውጣትና በመውረድ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወደ ሜዳው ጫፍ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ተነሥቶም ተራራውን ለማለፍ ከፍታ ይፈልጋል፤ ከፍታውን ካገኘ በኋላ ብዙም ሳይቈይ መውረድ ይጀምራል፤ በመጨረሻም ነፋሱን ተመልክቶ፣ ሲያስፈልግም ዞሮ፣ ከሜዳው ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ በአጭር በረራ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚህም ሌላ በእኛ ደጋ አገር አየሩ ስስ ነው። አየር በሳሳ ቍጥር ክንፉ አይሮፕላኑን ለማንሣት ይበልጥ መሮጥ ይኖርበታል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ አየሩ ከዚያም ይብስ ይሳሳል። በቈላ አገር አጭር ሜዳ የሚበቃው አይሮፕላን በደጋ ረዘም ያለ ሜዳ የሚሻው፣ የጧቱ ቀዝቃዛ አየርም ለአብራሪ ከቀትሩ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቶቻችን የመጀመሪያውን አይሮፕላን በተመለከቱበት ዘመን ይኸው መንገድ ረዘም ያለ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን፣ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። ሥራውን የጀመረበት ዲሲ 3 የተባለው አይሮፕላን በተለመደው ጉዞው የሚበረው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ 240 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድበት መሆኑን ማንም ማስላት ይችላል። በውስጡም እንደ አሁኖቹ አይሮፕላኖች የአየሩን ግፊት የሚጠብቅ መሣሪያ አልነበረውም። እጅግ ከፍ ብሎ ስለማይበር ተሳፋሪው የተራራውን ነፋስ እየቀመሰ፣ አንዳንዴም እየተንገጫገጨ ይጓዝ ነበር። የላሊበላውም ሜዳ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ክረምት ሲገባ ይጨቀይ ስለነበር፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በረራው ይቋረጥ ነበር። እንግዲህ የክረምት ውኃ እግረኛውን በወንዝ ዳር እንደሚያስቀረው፣ አይሮፕላኑንም በጭቃ ያስቀረው ነበር ማለት ነው።

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚበር ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደሆነ፣ ለመመልከት የሚያንሰው ነገር የለም። በቀኝ በኩል በመጀመሪያ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይታየዋል፤ ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያው በላስታ ተራሮች ውስጥ፣ በዋሻ ሥር ተሸሽጎ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቀጥሎ የዋግ አገርና ሰቆጣ፣ ከዚያም ቈላማው አበርገሌ፣ ከዚያም ተምቤን ይከተላሉ። በግራ በኩል ደግሞ የተከዜ ሸለቆ ምድርን እንደ ሰነጠቀ ሆኖ ይታያል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ያቈመው ውኃም በገደሎቹ መካከል ተኝቷል። ከውኃው ማዶ የሰሜን ተራሮች ይነሣሉ፤ ከእነርሱም መካከል ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሽን ይገኛል። በመጨረሻ የአድዋ ተራሮች ጫፍ ጫፋቸው ብቅ ይላል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል የተገኘባቸው እነዚያው ተራሮች ናቸው። አይሮፕላኑም ወዲያው ያርፋል።

ይህን ሁሉ በ40 ደቂቃ ማየት ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ማየትና ማለፍ አንድ አይደሉም። በሰቆጣ አጠገብ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አለ። በተምቤንም በገደል ላይ የተቀረጹ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ደግሞ በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከተረፉት በሥዕል ያጌጡ ወንጌሎች መካከል እጅግ ጥንታዊ የሆኑትን ይዞ ይገኛል። በአይሮፕላን የሚሄድ ሰው እነዚህን ሁሉ በላያቸው ያልፋል፤ በእግር የሚሄድ ግን በደጃቸው አልፎ፣ ተሳልሞ፣ አንዳንድ ጊዜም በጥላቸው አድሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ እግር መንገድ እንለፍ። በደኅና ጤና ላይ ያለ ሰው ስንቁን ተሸክሞ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መልካም እርምጃ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ 240 ኪሎ ሜትሩ 10 ቀን በበቃው ነበር። ነገር ግን የተራራ መንገድ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ከላስታ ደጋ ወደ ቈላው መውረድ፣ ወደ ተከዜ የሚገቡትን ወንዞች፣ ከእነርሱም መካከል ግባንና ወርዒን መሻገር፣ እንደ ገና ወደ ትግራይ ደጋ መውጣት አለ። እንዲሁም በሰንበት የማይጓዝ አለ፤ እግሩ የቈሰለ ባልንጀራውን የሚጠብቅም አለ። ስለዚህ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

እዚህ ላይ የቀን መቍጠሪያችንን አንድ ጊዜ እንመልከት። አክሱም በታላቅ ክብር የምታከብረው በዓል ኅዳር 21 ቀን የሚውለው የጽዮን በዓል ነው። የላሊበላ ታላቅ በዓል ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው የልደት በዓል ነው፤ የቅዱስ ላሊበላም ልደት በዚያው ቀን ይታሰባል። በዘመነ ዮሐንስ የጌታ ልደት በ28 እንደሚውል አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከኅዳር 21 እስከ ታኅሣሥ 29 ያሉት ቀኖች 38 ናቸው። የአክሱም ጽዮንን አክብሮ የተነሣ እግረኛ 2 ሳምንት ወይም 20 ቀን ቢሄድ እንኳ፣ ልደትን በላሊበላ ለማክበር የሚተርፈው ጊዜ አለው። ጾመ ነቢያትም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ስለሚቈይ፣ በመንገዱ ሁሉ ስንቁ ቆሎና ዳቤ ነው። ክረምቱም ወጥቶ ወንዞቹ የሚጐድሉበት ወራት ነው። ዛሬ በ40 ደቂቃ የምናስበው ርቀት፣ በእግረኛው ዘንድ በሁለት በዓላትና በአንድ ጾም መካከል በልክ የሚገባ ነበር።

በዚህ መንገድ የተጓዘው የሰው እግር ብቻ አይደለም፤ ጥበብም አብሮ ተጕዟል። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹትን በሮችና መስኮቶች፣ ከግድግዳ ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩትንም የምሰሶ ራሶች ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ላሊበላ ሲደርስ ቤተ አማኑኤልን በተመለከተ ጊዜ አዲስ አይሆንበትም። በዚያ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የሚሠራው የአክሱም ግድግዳ፣ በቤተ አማኑኤል በአንድ ዓለት ላይ ተቀርጾ ይታያል። በይምርሐነ ክርስቶስም ያው አሠራር በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ ተሠርቶ እስከ ዛሬ አለ። ይህን ዕውቀት ከአገር አገር ያደረሱት ሠራተኞችና መምህራን፣ ካህናትና ደቀ መዛሙርት በእግርና በበቅሎ የሄዱ ናቸው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን በቈየበት ጊዜ አክሱምንም ላሊበላንም አይቷል። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በጻፈበት ስፍራ፣ ከዚህ የበለጠ ብጽፍ ውሸታም ይሉኛል ብሎ መስጋቱን ገልጿል።

ከጦርነቱ በፊት በዚሁ መሥመር ወደ ኅዳር ጽዮን በበረርንበት ጊዜ፣ በአጠገባችን አንዲት ሸምገል ያሉ መነኩሲት ተቀምጠው ነበር። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ታች ይመለከታሉ። አንድ ወጣት ተሳፋሪ ጎንበስ ብሎ፦

«እማሆይ፣ ካልከፉብኝ ቀበቶዎን ላጥብቅልዎ» አላቸው።

«ይባርክህ ልጄ» አሉት፤ «እኔስ ገመድ የሚታሰር በበቅሎ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

እኛም ከዚህ ቀደም አክሱምን ተሳልመው እንደሆነ ጠየቅናቸው።

«በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ፤ በእግር ነው። ከላስታ ኅዳር በባተ በሦስተኛው ቀን ተነሣን። ኅዳር ሚካኤልን አበርገሌ ላይ አከበርን። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን አክሱም ገባን» አሉ።

«መንገዱ አልከበደዎትም ወይ?» ብንላቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፦

«እንዴት አይከብድ ልጆቼ፤ እናቴ እግሯ አብጦ ሁለት ቀን ሰው ቤት ተኝታለች። የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው በቅቤ እያሹ ያዳኗት። ስማቸውን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣለሁ» አሉ። አይሮፕላኑ ለማረፍ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ደግሞ ፈገግ ብለው፦ «ያን ጊዜ ስደርስ ልቤም አብሮኝ ደርሶ ነበር። አሁን ሥጋዬ አክሱም ገባ፤ ልቤ ግን ገና ሰቆጣ ነው» አሉን።

ይህ ቃል አይሮፕላኑን ለመንቀፍ የተነገረ አይደለም። እኚያ እናት በዚያ ዕድሜያቸው በእግር እንዲሄዱ ቢፈረድባቸው ኖሮ፣ አክሱምን ዳግመኛ ባላዩ ነበር። እግረኛው የሚያገኘውን በረከት ስናነሣ፣ ብዙ ሰው በእግር መሄድ ስላልቻለ ብቻ ሳይሳለም የቀረ መሆኑን መርሳት አይገባንም። ዐቅመ ደካማው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዐይኑ የታወረው፣ ከሥራው ከሦስት ቀን በላይ ፈቃድ የማያገኘው ሁሉ በአይሮፕላን ምክንያት ወደ እነዚህ ቅዱሳት መካናት ሊደርስ ችሏል። በሽተኛም ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት የደረሰው፣ መድኃኒትም ወደ ከተማው የገባው በዚሁ ሜዳ ነው።

ሰው ብቻም አይደለም። በ1929 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ጊዜ ከአክሱም ተነቅሎ በመኪና ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢጣሊያ የተወሰደው ሐውልት፣ ከ68 ዓመት በኋላ የተመለሰው በአየር ነው። 24 ሜትር የሚረዝመውና ክብደቱ ወደ 160 ቶን የሚጠጋው ይህ ሐውልት በሦስት ክፍል ሆኖ፣ አንቶኖቭ 124 በተባለው ታላቅ የጭነት አይሮፕላን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አክሱም አረፈ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በቀድሞው ስፍራ ቆመ። የጥንት ሰዎች ከድንጋዩ ማውጫ እስከ መትከያው ድረስ በብዙ ድካም ያጓጓዙት ዓለት፣ ከሮም ተነሥቶ ባሕርና በረሐ አቋርጦ በዚያች ትንሽ ጣቢያ ላይ ወረደ።

ስለ መኪናው መንገድ ደግሞ ጥቂት እንበል። ከላሊበላ በሰቆጣ፣ በዓቢይ ዓዲና በአድዋ በኩል ወደ አክሱም የሚወስደው መንገድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በወልድያ፣ በመቀሌና በአዲግራት በኩል የሚዞረው ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ማልዶ የተነሣ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ይውላል፤ በሁለተኛው በመንገድ ማደር ይሻላል። አይሮፕላኑ ከመኪናው የሚቀድመውም መጀመሪያ የሚመስለንን ያህል አይደለም። በላሊበላ ከከተማ ወደ ጣቢያው መውረድ አለ፤ ዕቃ ለማስመዘንና ለመፈተሽ ቀደም ብሎ መድረስ አለ፤ ካረፉ በኋላም ዕቃ መቀበልና ወደ ከተማ መግባት አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር የ40 ደቂቃው በረራ 4 ሰዓት ያህል ይሆናል። ከዚህም ውስጥ በሰማይ ላይ የሚያልፈው ከስድስት እጅ አንዱ ብቻ ነው። እንዲሁም ሆኖ ከአንድ ቀን 4 ሰዓት ይሻላልና አይናቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። በ1938 ዓ.ም. የተጀመረው የአይሮፕላን አገልግሎት ርቀትን ለዘለዓለም ያሸነፈ ይመስል ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ አገራችን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ይህ ሐሳብ ከንቱ መሆኑ ታየ። የአክሱም ማረፊያ ሜዳ ተቆፍሮ ተበላሸ፤ በረራው ቆመ፤ ስልክም ተቋረጠ። በኅዳር ወር፣ የጽዮን በዓል በተቃረበበት ሰሞን፣ በከተማይቱ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። በሌላ አገር ያለ ልጅ የእናቱን መኖርና መሞት ሳያውቅ ሳምንታትን አሳለፈ። ላሊበላም ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ሕዝቧ ብዙ መከራ አየ። በእነዚያ ወራት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 240 ኪሎ ሜትር አልተለወጠም፤ ተራራውም ወንዙም በስፍራው ነበር። ነገር ግን በአይሮፕላን የሚበር፣ በመኪና የሚያልፍ፣ በእግርም የሚሻገር ተሳላሚ አልነበረም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ግጭቱን ለማቆም ስምምነት ተፈረመ። የአክሱም ጣቢያ ግን ተጠግኖ መንገደኛ መቀበል የጀመረው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። ከተዘጋ 3 ዓመት ተኩል አልፎ ነበር። የመጀመሪያው አይሮፕላን ባረፈበት ቀን የወረዱት ሰዎች፣ ከሰዓቱ ማጠር ይልቅ የመንገዱ መከፈት እንዳስደሰታቸው ማንም ይረዳዋል።

ቀጥታ በረራ በሌለ ጊዜ መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝምም እናስላ። ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አክሱም ደግሞ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ወደ ሰሜን መሄድ የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ ወደ ደቡብ በሮ፣ ተመልሶ በላስታ ሰማይ አጠገብ አልፎ ወደ አክሱም ይደርሳል። ድምሩ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከቀጥታው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ነው። በመካከሉም አዲስ አበባ ላይ መቈየት፣ አንዳንዴም ማደር አለ። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት የሆኑ ቅዱሳት ከተሞች ቅርብ ወይም ሩቅ የሚሆኑት በመሬቱ አቀማመጥ ብቻ ሳይሆን፣ በሰላምና በሰው ትጋት ጭምር ነው። ሜዳውን የሚጠግነው ሠራተኛ፣ ሰሌዳውን የሚያወጣው ጸሐፊ፣ መንገዱን በሰላም የሚጠብቀው ሕዝብ፣ ሁሉም ርቀትን ያሳጥራሉ።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ጥቂት ምክር ጨምረን እንሰናበታችሁ።

በመጀመሪያ፣ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ጉዞ ለመሳለም የምታስቡ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ቀጥታ በረራ መኖሩን ከአየር መንገዱ ጠይቁ። ከሌለም በአዲስ አበባ የሚዞረውን መንገድ ጊዜና ዋጋ አስቀድማችሁ ቍጠሩ። ለበዓል የምትሄዱ እንደሆነ፣ በዓሉ በሚውልበት ቀን ዋዜማ ለመድረስ አታስቡ። ደመና ወይም ነፋስ አንድ በረራ ቢያዘገይ በዓሉ ያመልጣችኋልና፣ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ግቡ።

ሁለተኛ፣ አረጋውያንን ይዛችሁ ስትሄዱ የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆኑን አስታውሱ። ከቈላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቶሎ ይደክመዋል፤ ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በደረሳችሁበት ቀን ዕረፍት አድርጉ፤ ዐሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ለመፈጸም አትቸኵሉ። በ40 ደቂቃ የደረሰ ሰው ያተረፈውን ጊዜ በጸሎትና በዕረፍት ሊጠቀምበት ይገባዋል።

ሦስተኛውና በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በቤታችሁ ውስጥ፣ ወይም በጎረቤታችሁ፣ በእግራቸው ሄደው የተሳለሙ አባቶችና እናቶች ካሉ፣ ሳይዘገይ ጠይቋቸው። ከየት ተነሡ? በየትኛው መንደር አደሩ? ወንዙን በየት በኩል ተሻገሩ? ስንቃቸው ምን ነበር? ማን አሳደራቸው? ልጆች ብዕርና ደብተር ይዘው ይጻፉ። የአይሮፕላን ሰሌዳ በየዓመቱ ይታተማል፤ የእግር መንገዱ ማደሪያዎች ግን በማንም ሰሌዳ ላይ አልተጻፉም። በእነዚያ ሽማግሌዎች ልብ ውስጥ ብቻ ያሉ ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ። ደብተሩም ከተጻፈ በኋላ ከቤተ ሰቡ መጻሕፍት ጋር ይቀመጥ። ወደፊት ከልጆቻችሁ አንዱ በዚያ መሥመር ሲበር፣ ደብተሩን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመስኮቱ ወደ ታች እየተመለከተ፣ አያቱ ያደሩበትን ሸለቆ ይፈልጋል።